የአንባቢያን ጥያቄ፦ የዘር ምርመራ ላድርግ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን የሚደርሰኝ ደብዳቤና የቴሌግራም መልእክት አንድ ነገር ላይ ተደራርቧል፤ የዘረመል ምርመራ፣ በሰፈር አጠራር ዲኤንኤ። ድሮ ይሄ ነገር የፍርድ ቤትና የ"ልጁ የኔ ነው፣ አይደለም" ጉዳይ ብቻ ይመስለን ነበር። አሁን የካንሰር ሐኪሙም ያነሳዋል፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድም በሻንጣው ይዞት ይመጣል። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ለማያውቁኝ፣ ነርስ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው። የዘረመል ባለሙያ አይደለሁም። ግን ሰው ውጤቱን ይዞ ከሐኪሙ ክፍል ሲወጣ ኮሪደር ላይ የሚያገኘው እኔን ነው፤ "ሲስተር፣ ቅድም አፍሬ ሳልጠይቅ ቀረሁ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?" ይለኛል።

የጠያቂዎቹን ስም አላወጣም። ደብዳቤዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

*

"ሰላም ሲስተር። እናታችን የጡት ካንሰር ታማ አዲስ አበባ እየታከመች ነው። የእሷም እናት በጡት በሽታ እንደሞተች ይነገራል። ሐኪሙ 'የዘር ሊሆን ስለሚችል የጂን ምርመራ ብታደርጉ ጥሩ ነው' አለን። እኔ ማወቅ እፈልጋለሁ። ታናሽ እህቴ ግን ሽማግሌ ተልኮ፣ ሠርጓም ለጥር ተቆርጦ፣ 'እንዲህ ያለ ወሬ አሁን አታምጡብኝ፣ ማወቅም አልፈልግም' ትላለች። ወንድማችን ደግሞ 'ይሄ የሴቶች ጉዳይ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም፣ ብቻ የአማቾች ጆሮ እንዳይገባ' ይላል። ማናችን ነን ልክ?" ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልን። ከወንድምሽ ልጀምር፤ እሱ ተሳስቷል። ከጡት ካንሰር ጋር ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉት ጂኖች ወንድም ሴትም ውስጥ አሉ። ሥራቸው የተጎዳ ዲኤንኤን መጠገን ነው። ጉድለት ይዞ የተወለደ ሰው ጥገናው ይላላበትና ካንሰር ቀዳዳ ያገኛል። እናታችሁ ጉድለቱ ካለባት እያንዳንዳችሁ የመውረስ ዕድላችሁ ሃምሳ በመቶ ነው፤ ወንድ ሴት አይልም። ወንድምሽ ወርሶት ከሆነ እሱ ላይ ምንም ሳይታይ ለሴት ልጁ ሊያስተላልፈው ይችላል። በተለይ ብራካ 2 ሲሆን ወንዶችም ለፕሮስቴት ካንሰር፣ አልፎ አልፎም ለጡት ካንሰር ይጋለጣሉ። አዎ፣ ወንድም የጡት ካንሰር ይይዘዋል።

ደግሞ ቀድማችሁ አትደንግጡ። ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች በዘር በመጣ የጂን ጉድለት የታመሙት ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። የእናትና የአያት መታመም ጥርጣሬውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይደመድመውም። የጡት ካንሰር በሀገራችን ሴቶች ዘንድ ከካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚታየው ነው፤ ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው በአጋጣሚም ሊታመም ይችላል።

መጀመሪያ መመርመር ያለባት አንቺ ሳትሆኚ እናትሽ ናት። እናትሽ ላይ ጉድለቱ ከተገኘ አንቺ ላይ የሚፈለገው ያው አንድ ነገር ነው፣ መልሱም ጥርት ያለ ይሆናል፤ አለ ወይ የለም። እሷ ሳትመረመር አንቺ ተመርምረሽ "አልተገኘም" ብትባዪ ግን ልብ የሚያሳርፍ መልስ አይደለም፤ ቤታችሁ ውስጥ ያለው ነገር ሌላ ይሁን፣ ጭራሽም የዘር አይሁን፣ ማን ያውቃል። ችግሩ እናትሽ አሁን የታመመች ሰው ናት። ኬሞ ላይ ያለች እናት "ለልጆቼ ስል" ብላ ለምንም ነገር እሺ ትላለች። እሺ ማለቷ ብቻ አይበቃኝም። ጉልበት ባገኘች ቀን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ረጋ ብላችሁ ንገሯት። "ያወረስኳቸው እኔ ነኝ" የሚለው ጸጸት ከካንሰሩ በላይ የሚያንገበግባት እናት አለች፤ ይሄን ሳትነግሯት ደሟን አታስቀዱ።

ሌላው ቶሎ የማይነገረን ነገር፣ ውጤቱ "አለ" ወይ "የለም" ብቻ አይደለም። "ለውጥ ተገኝቷል፣ ትርጉሙ ግን አልታወቀም" የሚል ሦስተኛ መልስ አለ። ይሄ መልስ እኛ ላይ ይበዛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ የጂን ለውጥ ጎጂ ነው አይደለም የሚባለው ከሌሎች ሰዎች ጂን ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ ማነጻጸሪያው ደግሞ በአብዛኛው የተሞላው በአውሮፓ ዘር ባላቸው ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ቆጠራ እንዳሳየው በዓለም ሰፋፊ የጂን ጥናቶች ውስጥ ከተሳተፉ 100 ሰዎች 81ዱ የአውሮፓ ዘር ያላቸው ነበሩ፤ የአፍሪካ ዘር ያላቸው 3 ብቻ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሕመምተኞች "የልብ ጡንቻ በሽታ የሚያመጣ ጂን አለባችሁ" ተብለው፣ በኋላ ለውጡ ጥቁሮች ዘንድ የተለመደና ጉዳት የሌለው ሆኖ መገኘቱን አወጣ። ስለዚህ "ትርጉሙ አልታወቀም" የሚል ወረቀት ከመጣ ማንም በእሱ ተነሥቶ ቢላዋ አያንሳባችሁ። ጡትም፣ ማሕፀንም፣ እንቁላል ማምረቻም በእንዲህ ያለ ወረቀት አይወጣም።

አሁን ወደ ታናሽሽ። አለማወቅ መብቷ ነው። ይሄን እኔ የፈጠርኩት አይደለም፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው የሰው ልጅ ጂኖምና የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ማንም ሰው የምርመራ ውጤቱን ለማወቅም ላለማወቅም የመወሰን መብት እንዳለው በግልጽ ጽፎታል። ግን ልብ በይ፣ አንድ ቤት እየኖራችሁ ይሄ መብት በቀላሉ አይከበርም። እናትሽ "አለባት" ከተባለች እህትሽ ሃምሳ በመቶ ላይ እንደቆመች ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። አንቺ ውጤትሽን ሰምተሽ ዓይንሽ አብጦ ከገባሽ ደግሞ ምኑን ደበቅሽው? ስለዚህ ጉዳዩ መነጋገር ያለበት ከውጤቱ በኋላ ሳይሆን ደም ከመቀዳቱ በፊት ነው። ለብቻዋ ያዣትና አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያት፤ "ውጤቱ ከመጣ ከሠርግሽ በኋላ ልንገርሽ ወይስ አንቺ እስክትጠይቂኝ ዝም ልበል?" መልሷን አክብሪ። ምርመራው ከሠርጉ በኋላ ቢሆን እናትሽ ሕክምና ላይ የሚለወጥ ነገር እንዳለ ሐኪሙን ጠይቂ፤ አንዳንዴ መድኃኒት ለመምረጥ ውጤቱ ቶሎ ይፈለጋልና። የማያጣድፍ ከሆነ ግን ጥር ይለፍ። ምን አስቸኮላችሁ?

ለእጮኛዋ መናገር ያለባት እሷ ናት፣ ስታውቅና ስትፈልግ። ሽማግሌዎቹ የሴት ልጅ ጡት ውስጥ ያለውን ጂን የማወቅ ምንም ሥልጣን የላቸውም።

ሐኪሙን የምትጠይቂው ዋናው ነገር፣ "ቢገኝብኝስ ምን ታደርጉልኛላችሁ?" የሚለው ነው። ጉድለቱ ያለባት ሴት እስከ 80 ዓመቷ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከ100 ወደ 70 እንደሚጠጋ ተጠንቷል፤ ጥናቱ ግን በብዛት በነጮች ቤተሰቦች ላይ ነው። እንዲህ ላለች ሴት ከሌላው ቀደም ብሎ የጡት ምርመራ መጀመር፣ በየዓመቱ በኤምአርአይ መታየት፣ ልጅ ወልዳ ስትጨርስ እንቁላል ማምረቻዋን ማስወጣት፣ ከፈለገች ጡቷን ማስወገድ የሚሉ ምርጫዎች አሉ። አንጀሊና ጆሊ እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለቱንም ጡቶቿን አስወግጃለሁ ካለች ወዲህ ሰው ሁሉ መጨረሻው ያ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ግን በየዓመቱ ኤምአርአይ ስትባዪ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተመላልሰሽ፣ ከፍለሽ፣ ወረፋ ጠብቀሽ ነው። ይሄን የሚችል ኪስና ጉልበት እንዳለሽ ሳይጠይቅ "ተመርመሪ" የሚል ሐኪም ሥራውን በግማሽ ነው የሠራው።

ስትፈርሚም እንዲሁ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ቦታ አለ፤ ስሙን ልተወው። ናሙና መስጫ መስኮቱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለ ብዙ ገጽ ፎርም ከነስኪብሪቶው ይሰጥሻል፣ ከኋላሽ ሰልፉ ይገፋል፣ ልጅቷ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ በጣቷ "እዚህ ጋ ፈርሚ" ትልሻለች። አትፈርሚ። ሦስት ነገር በአማርኛ ትንገርሽ፤ ናሙናው የት ሀገር ይሄዳል? የተረፈው ደም ይጣላል ወይስ ይቀመጣል? ያልተጠየቀ ሌላ በሽታ ቢገኝ ትነግሩኛላችሁ? መልሱን የማታውቅ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ትጥራ። ሰልፉ ይቆይ።

*

"ሲስተር፣ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ። አባቴ ዝሆኔ አለበት፣ ሁለቱም እግሩ ላይ። ልጅ ወድጄ ሽማግሌ ብልክ ቤተሰቦቿ 'የነሱ ቤት በሽታ በዘር ነው፣ ሳይንሱም አረጋግጦታል' ብለው መለሱብኝ። እኔ እግሬ ጤነኛ ነው። ተመርምሬ ነፃ ነኝ የሚል ወረቀት ባመጣላቸውስ?"

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልጅቷ ምን አለች? ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፣ የሷ ድምፅ የለበትም።

ሰዎቹ የሰሙት ግማሹ እውነት ነው፣ ክፋቱም እሱ ነው። ዝሆኔ፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፣ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። አፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድኖች በእግር ቆዳ ሰርገው ይገቡና የእግሩን ፈሳሽ ማመላለሻ መስመር ያስቆጡታል፤ ከዚያ እግር ያብጣል። እዚህ ደጋ ላይ ያለው ዝሆኔ ትልም ትንኝም አያመጣውም። ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። በሀገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለበት ይገመታል፤ ስለዚህ አባትህ ብቻቸውን አይደሉም።

የጂኑ ወሬ ከየት መጣ? ሁሉም በባዶ እግሩ በሚያርስበት መንደር አንዱ ታሞ ጎረቤቱ የሚተርፈው ለምንድነው የሚል ጥያቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያዊ ተመራማሪ መሪነት የታተመ፣ የወላይታ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ኤችኤልኤ የሚባሉ የሰውነት መከላከያ ጂኖች አካባቢ ያለ ልዩነት ተጋላጭነትን እንደሚጨምር አሳየ። ከዚያም በፊት ወንድሙ ወይ እህቱ የታመመበት ሰው ከሌላው 5 እጥፍ ገደማ እንደሚጋለጥ ይታወቅ ነበር። እዚህ ድረስ አማቾችህ ልክ ናቸው። የቀረውን ግን አልሰሙትም ወይ መስማት አልፈለጉም፤ ጂኑ ብቻውን እግር አያሳብጥም፣ አፈሩ ያስፈልገዋል። ከልጅነቱ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ሰው የፈለገውን ጂን ቢሸከም ዝሆኔ አይዘውም። ልጆችህን ጫማ አልብሳቸው፣ አለቀ።

የሚገርምህ፣ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይሄ ዛሬ አንተ ላይ የደረሰው ነገር እንዳይመጣ ፈርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ዝሆኔ ያለባቸው ቤተሰቦች ለጂን ጥናት ደም ለመስጠት ለምን እንደሚያመነቱ ይተርካል፤ "የዘር ነው ይሉናል፣ የሚያገባን እናጣለን" የሚለው ስጋት አንዱና ትልቁ ነበር። የፈሩት አልቀረም።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ አንደኛ "ከዝሆኔ ነፃ" የሚል የጂን ምርመራ የሚሰጥ ሐኪም ቤት የለም፤ አለ የሚልህ ካገኘህ ገንዘብህን ያዝ። ሁለተኛ፣ ቢኖርም አታምጣላቸው ባይ ነኝ። አንዴ ወረቀት ካስለመድናቸው ነገ የስኳር፣ ከነገ ወዲያ የአእምሮ ሕመም ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ሽማግሌ መላክ ቀርቶ ላብራቶሪ መላክ ይሆናል። ማናችንም ብንሆን ተደብቀው የሚኖሩ የጂን ጉድለቶችን ተሸክመን ነው የምንዞረው፣ እነሱም ጭምር። አባቶቻችን ሰባት ቤት ቆጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ መከልከላቸው በዚህ በኩል ሲታይ ብልህነት ነበር፤ ዘመዳሞች ያንኑ የተደበቀ ጉድለት ከሁለት ወገን ስለሚያመጡት ልጁ ላይ ይገጥማል። ያ ቆጠራ ግን ዝምድናን ለማወቅ ነው እንጂ የሰው አባት እግር ላይ ለመፍረድ አይደለም።

ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላካቸው፣ የቀበሌዋን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን አብረህ ላክ። እሷ ትናገርልህ፣ ካንተ አፍ ሲሆን ልመና ይመስላል። በመሐል የአባትህን እግር ያዝ። ማታ ማታ ሳፋ ላይ ንጹሕ ውሃ አድርግ፣ ጥቂት ጠብታ በረኪና ጨምርበትና ሃያ ደቂቃ ይነከር። ከዚያ በሳሙና እጠበው፤ የጣቶቹን መሐል፣ የቆዳውን እጥፋት ሁሉ፣ ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው። በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ አድርቅ፣ ቫዝሊን ቀባ። ቀን ካልሲና ሰፋ ያለ ጫማ፣ ሲተኙ እግራቸው ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ከሄዱም ይሂዱ፤ ሲመለሱ እግራቸውን ያድርቁ፣ ጫማቸውን ያድርጉ። እብጠቱ ሲቀንስ ሽታው ሲጠፋ፣ አማቾችህ ከማንኛውም ወረቀት በላይ ያምኑሃል። ካላመኑም፣ ልጅቷን ጠይቃት ብዬሃለሁ።

*

"ሲስተር፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። የጂን ውጤቴን አሠሪዬ ወይ መድን ድርጅት ቢያገኘው ሊያባርሩኝ፣ ሊከለክሉኝ ይችላሉ?"

ባጭሩ፦ ቀበሌ የምንከፍለው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ማንንም በበሽታው አይለይም፤ የታመመም ጤነኛም መዋጮው ያው ነው። የሕይወት መድን ውል ግን ሌላ ነገር ነው፣ ስለ ጤናህ ይጠይቅሃል፤ ውሉን ሳታነብ አትፈርም። አሜሪካኖች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ሕግ አሠሪና የጤና መድን በጂን ሰውን እንዳይለዩ ሲከለክሉ የሕይወት መድንን ትተውታል። እኛ ጋ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች ይመድበዋል። ስለዚህ አሠሪህ ውጤትህን የመጠየቅ መብት የለውም በል፤ ከሁሉም በላይ ግን ወረቀቱን ሥራ ቦታ መሳቢያ ውስጥ አትተወው። ሕግ እስኪደርስ ወሬ ይቀድማል።

*

"እትዬ ሲስተር፣ ከደብረ ሲና ነው። ዋሽንግተን ያለችው የአጎቴ ልጅ ምራቅ ተተፍቶበት የሚላክ የዲኤንኤ ዕቃ ላከችልን። አባታችን ሸምግለዋል፣ 'የዘራችንን ምንጭ እናውቃለን፣ በሽታም ይታወቃል' ትላለች። አባቴን አስተፍቼ ልላክ?"

"አስተፍቼ" የምትለዋ አልወደድኳትም፤ አባትህ ሕፃን አይደሉም። ቁጭ ብለህ በአማርኛ አስረዳቸው፣ እሺ ካሉ ይትፉ፣ እምቢ ካሉ ዕቃው ይመለስ።

ስታስረዳ ሁለት ነገር አትዝለል። አንዱ፣ ይሄ ዕቃ ዘመድ ያገናኛል። አባትህ በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ፣ ሹፌር ነበሩ፣ ምን ነበሩ እንጃ፤ የት ምን እንዳለ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። አንድ ቀን ስልክህ ላይ "የአባት ልጅ ወንድም ተገኝቷል" የሚል ቢመጣ እናትህ ፊት ምን ልትል ነው? ለተገኘው ሰው ደስታ ሊሆን ይችላል፣ እሱም አባቱን የማወቅ ፍላጎት አለው። ግን ይሄ ሊሆን እንደሚችል ሳያውቁ አይትፉ። ሁለተኛው፣ ምራቁ አንዴ ከሄደ የሚመለስበት የለም። ከነዚህ ድርጅቶች በስም የታወቀው 23 ኤንድ ሚ እ.ኤ.አ. በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ደንበኞቹ መረጃ በሰርጎ ገቦች እጅ ወድቆበታል፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ደግሞ ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ገባ፣ ደንበኞቹም መረጃችን ለማን ይሸጥ ይሆን ብለው ሲጨነቁ ነበር። የአባትህ ጂን የአንተም ነው፣ ገና ያልወለድካቸው ልጆችህም ነው።

"የዘር ምንጭ" የምትለው ከመቶ ይሄን ያህል እንዲህ፣ ያን ያህል እንዲያ የሚል ግምት ነው፣ ድርጅቱ ባለው ማነጻጸሪያ ላይ የሚቆም። በእኛ ሀገር ያችን ወረቀት ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ጭቅጭቅ መክፈት እንዴት እንደሚቀል ታውቃለህ። በሽታ ፍለጋ ከሆነ ደግሞ የአባትህን ደም ግፊት አስለካ። እሱ ዛሬ ይታወቃል፣ መድኃኒትም አለው።

*

"ሲስተር፣ መሐል ሜዳ ጤና መኮንን ነኝ። አንዲት ታካሚዬ አዲስ አበባ ተመርምራ ብራካ እንዳለባት የሚል ውጤት ይዛ መጣች። እህቷም የኛው ተገልጋይ ናት፣ ለቤተሰብ ምጣኔ ትመጣለች። ሁለቱ በመሬት ውርስ ተካሰው ተኮራርፈዋል። ታካሚዬ 'ለሷ ትንፍሽ እንዳትል' አለችኝ። እህትየዋ ፊቴ ቁጭ ብላ ሳያት ያንገበግበኛል። ልንገራት?"

አትንገራት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል፤ የወንጀል ሕጉም አንቀጽ 399 የሙያ ሚስጥር ያወጣ ባለሙያን ይቀጣል። ከሕጉም በላይ፣ መሐል ሜዳ ነው ያለኸው። ዛሬ አንዷን ብታወጣ ነገ ማንም ሴት ካንተ ፊት አፏን አትከፍትም።

ግን መንገብገብህም ልክ ነው። እንግሊዝ ሀገር አንድ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ሰውየው ሃንቲንግተን የሚባል ፈውስ የሌለው የአንጎል በሽታ ተገኘበት፤ ይሄ ካለበት ወላጅ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ሃምሳ በመቶ ነው። ነፍሰ ጡር ልጁ እንዳትሰማ ሐኪሞቹን ከለከለ፣ እነሱም ዝም አሉ። እሷ ወልዳ በኋላ በአጋጣሚ ሰማች፣ ተመረመረች፣ አለባት። ከሰሰቻቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ፍርድ ቤቱ ሐኪሞች የታካሚውን ሚስጥርና የልጅየዋን ጥቅም መመዘን ነበረባቸው አለ፤ በሷ ጉዳይ ግን ክሱን ውድቅ አደረገ። እዚያም እንኳ "መዝኑ" አሉ እንጂ "ተናገሩ" አላሉም።

አንተ የምትችለውን ልንገርህ። ታካሚህን በአንዴ አትተዋት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም አንሳባት። ኩርፊያው የመሬት ነው፣ ይሄ ሌላ ነው በላት። ራሷ መናገር ካልቻለች ስሟ የማይጠራበት፣ "በቤተሰባችሁ በዘር የሚተላለፍ የካንሰር ተጋላጭነት ስለተገኘ ሐኪም አማክሪ" የሚል አጭር ደብዳቤ አዘጋጅላት፤ በእናታቸው ወይ በንስሐ አባታቸው እጅ ትላከው፣ እሷ ከፈቀደች ብቻ። ብዙ ሰው እምቢ የሚለው መናገር ጠልቶ ሳይሆን እንዴት እንደሚናገር ጠፍቶበት ነው። እህትየዋን ደግሞ ለቤተሰብ ምጣኔ የምትመጣን ማንኛዋንም ሴት እንደምትጠይቀው ጠይቃት፤ "በቤተሰብ ጡት የታመመ አለ?" በላት። ለሁሉም የምትጠይቀው ከሆነ ሚስጥር አላወጣህም። ለሷ ብቻ ከጠየቅህ ግን እያወጣኸው ነው፣ ራስህን አትሸውድ። እስካሁን ለሁሉም የማትጠይቅ ከነበርክ ከነገ ጀምር።

ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ፣ ማንንም አዲስ አበባ ለምርመራ ሪፈር ከመጻፍህ በፊት "ቢገኝብሽ ለማን ትነግሪያለሽ?" ብለህ ካርዱ ላይ መልሷን አስፍር። ከውጤት በፊት የተጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ እሺ ይላል።

*

"ሰላም ሲስተር፣ ሸዋ ሮቢት ነው ያለሁት። ወባ ይዞኝ ጤና ጣቢያ ስሄድ ጣቴን ወግተው 'የዘር ነገር ነው፣ ጂ6ፒዲ' አሉኝ። ማንም አላስፈረመኝም። መብቴ አልተነካም?"

ምን እንደሆነ በቃል ካልነገሩህ፣ አዎ፣ ልትነገር ይገባ ነበር። ፊርማው ግን አያሳስብህ። ይሄ እላይ ከጻፍናቸው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይመለሳል፤ እሱን ነቅሎ የሚያወጣው ፕሪማኩዊን ነው። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው ግን መድኃኒቱን ሲወስድ ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈርሳሉ፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ሊሞትም ይችላል። የወጉህ ያንን ለማየት ነው። እንዲያውም ሁሉም ጤና ጣቢያ ስለማይገኝ አንተ ዕድለኛ ነህ።

የዘር ነገር ሁሉ አስፈሪ አይደለም። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ለምን ጠፋ ብላችሁ ስትጠይቁኝ ነበር። ኮዴይን ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ነው የሚለወጠው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ ይሄን የሚለውጠው ጂን ተደራቢ ቅጂ እንዳላቸው አገኘ፤ ለነሱ ተራ መጠን እንኳ ቶሎ ብዙ ሞርፊን ይሆንና ትንፋሽ ያፍናል። በኋላ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኮዴይንን ከለከለው። ሁሉንም ሰው ከመመርመር መድኃኒቱን ማስቀረት ቀለለ፤ እኔ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ።

ወደ አንተ ስመለስ፣ ኢንዛይሙ አነስተኛ ነው ከተባልክ ካርድህ ላይ በቀይ ይጻፍልህ፣ ሌላ ሐኪም ቤት ስትሄድም ቀድመህ ተናገር። ወንድ ልጅ ይሄን ጉድለት የሚወርሰው ከእናቱ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድሞችህና የእህቶችህ ወንዶች ልጆች ፕሪማኩዊን ከመውሰዳቸው በፊት ይመርመሩ። ዛሬውኑ ደውልላቸው፣ የወባው ወቅት ሳይገባ።